የዘገየ መልስም መልስ ነው

አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ትከሻ ላይ ተደግፈው ወደ ሐኪም ቤት ይገባሉ። ፊታቸው ከእንጨት የተቀረጸ ይመስል ደስታም ኀዘንም አይታይበትም፤ ቀኝ እጃቸው በጕልበታቸው ላይ ዐርፎ ሳለ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ወረቀቱን አቅርቦ «አባቴ፥ ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌው ዝም ይላሉ። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ እስኪተነፍስ ድረስ ስንኳ ሳይቈይ «ወሩስ?» ይላል። ሽማግሌው አሁንም ዝም ይላሉ። ልጃቸውም በአባቱ ዝምታ ዐፍሮ «ካመማቸው ወዲህ እንዲህ ናቸው፤ ምንም አያውቁ» ይላል። በሦስተኛው ሐኪሙ ልጁን በጣቱ እያሳየ «ይህ ይዞዎት የመጣው ልጅ ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ፥ የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀስና በቀጭን ድምፅ «ማክሰኞ» ይላሉ። ሐኪሙ «የልጃቸውን ስም ማክሰኞ ይላሉ፤ አእምሮአቸው ተናውጧል» ብሎ ይጽፋል። ዕለቱም በውነት ማክሰኞ ነበረ።

ይህ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሚያንቀጠቅጥና አካልን የሚያገትር የአንጎል በሽታ ባለበት አገር ሁሉ በየዕለቱ የሚፈረድ ፍርድ ነው። የተፈረደበት ሰው ጥፋት ቢፈለግ፥ ያልጠፋውን ዕውቀት ይዞ ዘግይቶ መድረሱ ብቻ ነው። በዚህ ነገር የሚሳሳቱትም ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የዘገየውን አእምሮ ከሞተ አእምሮ ጋራ ይቈጥረዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዘመድ ለማጽናናት ሲል «የታመመው እጁና እግሩ ነው እንጂ አእምሮው እንደ ድሮው ነው» ይላል። እነዚህ ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው የሚቃወሙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ለበሽተኛው የሚገባውን አንድ ነገር፥ ይኸውም ጊዜን፥ ሁለቱም እኩል ይከለክሉታል።

የሁለተኛው ወገን ስሕተት ዕድሜ ያለው ስለ ሆነ አስቀድሞ እርሱን መመርመር ይገባል። በ1817 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታችም ያለው ዘመን፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በዚሁ አቈጣጠር ነው) ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፏ የተነገረላቸው በሽተኞች ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ከነርሱም አንዳንዶቹን በመንገድ ላይ አግኝቶ ጠየቃቸው፥ አንዱን ግን ከሩቅ ከማየት በቀር አልመረመረውም። ይህ ሰው አስተውሎ የሚመለከት ዐይን እንደ ነበረው ማንም አይክድም፤ መንቀጥቀጡንና ወደ ፊት መጐንበሱን፥ በመራመድ ፈንታ ሳያስቡት ወደ መሮጥ መግባቱንም እርሱ የገለጸውን ያህል አስቀድሞ የገለጸው አልነበረም። ዳሩ ግን የበሽታውን መልክ ባሳየበት ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ፥ የስሜት ሕዋሳትና አእምሮ ግን ሳይጐዱ ይኖራሉ ብሎ ጨመረበት። በመንገድ የሚያልፈውን ሰው አይቶ ስለ እግሩ መመስከር ይቻላል፤ ስለ አእምሮው ግን በምን ይመሰከራል?

ያች ቃል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠች ብዙ ዘመን ኖረች። በፓሪስ በሳልፔትሪዬር ሐኪም ቤት ያስተምር የነበረውና በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያደረገው ታላቁ ሻርኮ፥ በሽታው ሲቈይ አእምሮም እንደሚደክም በጊዜው ተናግሮ ነበር። ሆኖም የሚያጽናናው ቃል ከሚያሳዝነው ይልቅ በሰው ዘንድ ተወደደ። መጽናናትን የሚነቅፍ የለም፤ ነገር ግን ይህ መጽናናት በቤት ውስጥ የሚያመጣውን ጣጣ ማየት ይገባል። ባለቤቷ «አእምሮው እንዳለ ነው» የተባለላት ሴት «ምሳ ይቅረብ?» ብላ ጠይቃው ዝም ሲላት፥ አእምሮው ደኅና ከሆነ ዘንድ ዝምታው ንቀት ነው ብላ ታስባለች። ልጆቹም «ሲፈልግ ይሰማል፥ ሳይፈልግ አይሰማም» እያሉ ያሙታል። እንግዲህ በበጎ አሳብ የተነገረው ቃል ድውዩን ሰው ኵሩና ልበ ደንዳና አድርጎ አሳማው።

አሳብ ራሱ ሊዘገይ መቻሉን ዓለም በግልጥ ያወቀው በታላቅ መቅሠፍት ምክንያት ነው። በ1917 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፥ ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ የሚባል ሐኪም በቪየና ከተማ አዲስ የአንጎል ብግነት መነሣቱን አስታወቀ። የተያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ሊቀሰቀሱ በማይችሉበት እንቅልፍ ተዋጡ። በሽታው በአውሮፓና በአሜሪካ ተዛምቶ እስከሚቀጥለው ዐሥር ዓመት መካከል ድረስ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ከሞት ካመለጡትም ብዙዎች፥ ዳንን ብለው ወደ ሥራቸው ከተመለሱ በኋላ፥ ከወራት ወይም ከዓመታት ቈይታ በፓርኪንሰን በሽታ ዐይነት ግትርነት ተያዙ፤ ከነዚህም ውስጥ ገና ሃያና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ነበሩባቸው።

በ1922 ዓ.ም. ፍራንሷ ናቪል የተባለ የጄኔቭ ሐኪም እነዚህን ሰዎች መርምሮ ላየው ነገር «ብራዲፍሬኒ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃል የተጋጠመ ሲሆን የአእምሮ ዝግታ ማለት ነው። ናቪል ያያቸው ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ልብ ብሎ ማድመጥ፥ ከራሳቸው አንቅቶ አንድ ነገር መጀመር፥ በጀመሩትም መጽናት ተስኗቸው ነበር፤ በጥቂት ድካም አሳባቸው ይዝል ነበር። እብዶች ግን አልነበሩም፤ የማስታወስ ኀይላቸውም ከዝግታው ጋራ ሲመዛዘን የተጐዳው በጥቂቱ ነበር። ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው። ከርሱ በፊት ለዚህ ነገር የሚገኙት ስሞች «ጤናማ» እና «አእምሮው የጠፋ» የሚሉት ብቻ ነበሩ፤ ከናቪል ወዲህ ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ስም ተገኘ። ስሙ ከተገኘ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን ከሊቃውንቱ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቤተ ዘመድ አልደረሰም።

ከእንቅልፉ በሽታ የተረፉት ሰዎች ፍጻሜ ደግሞ አንደኛውን ወገን፥ ዝም ያለው ሁሉ ባዶ ነው የሚለውን፥ የሚያሳፍር ነው። ኦሊቨር ሳክስ የሚባል ወጣት ሐኪም በ1966 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ወዳለው የቤተ አብርሃም ሐኪም ቤት ለሥራ ሲገባ፥ የዚያ የጥንቱ መቅሠፍት ትራፊዎች የሆኑ ሰማንያ ያህል ሰዎች በዚያ አገኘ። ብዙዎቹ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱና ሳይናገሩ ተቀምጠው ነበር። ከሐውልት ለይቶ የሚያያቸው ጥቂት ነበረ፤ ውስጣቸው ሰው አለ ብሎ የሚያምን ከዚያም ያነሰ ነበረ። በ1969 ዓ.ም. ሳክስ ሌቮዶፓ የተባለውን ያን ጊዜ አዲስ የነበረ መድኀኒት ሰጣቸው፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ተነሥተው ተራመዱ፥ ተናገሩ፥ ስለ ልጅነታቸው ዘመን አወሩ፥ በዙሪያቸው ሲደረግ የኖረውንም መስማታቸውን መሰከሩ። ደስታው ለአብዛኛዎቹ አልዘለቀም፤ መድኀኒቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ መወራጨትና ሌላ ጭንቀት አምጥቶባቸዋልና። ነገር ግን መድኀኒቱ አእምሮ ፈጥሮ አልሰጣቸውም። በውስጣቸው ያልነበረ ነገር በጥቂት ቀን መድኀኒት ከየት ይመጣ ነበር? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማይሰሙ ተብለው በፊታቸው የተወራው ሁሉ ተሰምቷል።

ከዚሁ ቤት የወጣ አንድ ነገር ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሳክስ ከነዚህ ሰዎች አንዱን እጁን ከጕልበቱ ከፍ አድርጎ ሲያይ፥ ቈይቶ ሲመለስ ደግሞ ከፊቱ አጠገብ አድርሶት ያገኘው ነበር፤ እጁን ባለበት ያገተረ ይመስል ነበር እንጂ ሲያንቀሳቅስ አይታይም። በኋላ ሰውየው መናገር ሲችል ስለዚህ ነገር ቢጠይቀው፥ የምን መገተር ነው? አፍንጫዬን ስጠርግ ነው እንጂ ብሎ ተገረመ። ሳክስም በየጊዜው ፎቶግራፍ እያነሣ ሥዕሎቹን አያይዞ ቢመለከት፥ ሰውየው እውነቱን ነበር፤ ሰዓታትን የፈጀ አንድ አፍንጫ መጥረግ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው በራሱ ዘንድ አልዘገየም ነበር። እንግዲህ «ፈጠን በል!» እየተባለ የሚጮኽበት በሽተኛ ትእዛዙን ያልፈጸመው እንቢ ብሎ እንዳይደለ፥ አንዳንድ ጊዜም መዘግየቱን ራሱ እንደማያውቀው ከዚህ ይታያል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት በአንጎል ውስጥ የታወቀ ስፍራ አለው። በአንጎል ግንድ ላይ በቀለሙ ምክንያት «ጥቁሩ ነገር» የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ በፓርኪንሰን በሽታ ይህ ክፍል እንደሚጐዳ ትሬቲያኮፍ የሚባል ሊቅ በ1919 ዓ.ም. በፓሪስ አስረዳ። ዶፓሚን የሚባለውን ቅመም አመንጭቶ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍሎች የሚልከው ይኸው ስፍራ ነው። በ1960 ዓ.ም. ኤሪንገርና ሆርኒኬቪች በቪየና የሞቱ በሽተኞችን አንጎል መርምረው ይህ ቅመም እጅግ ጐድሎ አገኙት። አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር፥ እነዚያ ጥልቅ ክፍሎች የሚያገለግሉት እጅና እግርን ብቻ አለመሆናቸው ነው። ከግንባር በስተኋላ ወዳለውና አሳብ ወደሚመራበት ወደ አንጎል ፊተኛው ክፍል የሚሄድና የሚመለስ መንገድም በነርሱ በኩል ያልፋል። እጅን «ጀምር» የሚለው ሥርዐት አሳብንም «ጀምር» ከሚለው ሥርዐት ጋራ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱ ሲቃጠል ጢሱ ወደዚህኛውም መግባቱ የማይቀር ነው።

በ1974 ዓ.ም. አልበርት፥ ፌልድማንና ዊሊስ የተባሉ ሦስት የቦስተን ሐኪሞች፥ ዐይንን ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይመለከት የሚከለክልና ሰውን ወደ ኋላ የሚጥል የፓርኪንሰን ዘመድ የሆነ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አጥንተው የነገሩን ፍሬ ጻፉ። ይህ በሽታ በ1964 ዓ.ም. በቶሮንቶ ሊቃውንት የተለየ ነው። በሽተኞቹ ሲጠየቁ የረሱ ይመስላሉ፤ ጠያቂው ከታገሠና ካበረታታቸው ግን መልሱ ከውስጣቸው ይወጣል። የቃላት ዝርዝር ተነግሯቸው «ድገሙት» ሲባሉ ጥቂቱን ብቻ ይላሉ፤ «ከነዚህ ውስጥ የሰሙት የትኛውን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ለይተው ያውቁታል። በመርሳት በሽታ፥ በአልዛይመር፥ የተያዘ ሰው ግን ዝርዝሩ ቢቀርብለትም ብዙ ጊዜ ሊለየው አይችልም። በዚህኛው የተዘረፈው ግምጃ ቤቱ ነው፤ በዚያኛው ግን ዕቃው በቦታው ሳለ ቍልፉ ዝጎ እንቢ ያለ ነው። ቍልፍ የዛገበትን ባለ ግምጃ ቤት «ሀብትህ አልቋል» ብሎ ከሹመቱ የሚሽር ንጉሥ ቢገኝ ሰው ሁሉ ይፈርድበት ነበር።

እዚህ ላይ «የሚዘገየው አፍና እጅ ነው እንጂ አሳብ አይደለም» የሚለው ወገን ተመልሶ ይነሣል፤ ለርሱም መከራከሪያ የሚሆነው አያጣም። አንዳንድ መርማሪዎች ለበሽተኛው ጥቂት ቍጥሮች ካሳዩት በኋላ ሌላ ቍጥር እያቀረቡ «ይህ ከነዚያ ውስጥ ነበረ ወይ?» ብለው ቍልፍ እንዲጫን አድርገዋል። የሚያዙት ቍጥሮች በበዙ መጠን መልሱ የሚዘገይበት ልክ የአሳቡ ዝግታ ነው፤ የቀረው የእጁ ነው ብለው አስበው ነው። በዚህ መንገድ ካንዳንዶቹ በሽተኞች የአሳብ ዝግታ አላገኙም፤ ሌሎች መርማሪዎች ግን ካንዳንዶቹ አግኝተዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተቈረጠም። ነገር ግን በጆርጅ ሃንቲንግተን ስም የሚጠራውን በሽታ ማየት ይበቃል። ይህ ሐኪም በ1872 ዓ.ም. ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ ሳለ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደውን የመወራጨት በሽታ የገለጸ አሜሪካዊ ነው። በዚህ በሽታ እጅና እግር ያለ ፈቃድ ይወዛወዛሉ፤ መንገደኛውም ሰክሯል ብሎ ይስቃል፤ አሳብ ግን በብዙዎቹ እየዘገየ ይሄዳል። ያለ መጠን በሚንቀሳቀስ አካል ውስጥ የሚያዘግም አሳብ ከተገኘ፥ ዝግታው ሁሉ የእጅና የአፍ ነው ማለት አይቻልም። ደግሞስ ለታመመው ሰው ምን ይጠቅመዋል? መዘግየቱ ከአሳቡም ይሁን ከምላሱ፥ ቈይተው ሊሰሙት የሚገባው ያው አንዱ ሰው ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ከነዚህ በሽተኞች ብዙዎቹ በመጨረሻ አእምሮአቸውን በውነት ያጡ የለምን?» የሚል ይኖራል፤ ይህም እውነት ነውና መሸሸግ አይገባም። በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ መቶ ሠላሳ ስድስት የፓርኪንሰን በሽተኞች በሽታው ከታወቀባቸው ጊዜ ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ተከታትለው ሲታዩ፥ እስከዚያ በሕይወት ከቈዩት ከመቶው ሰማንያ ሦስቱ ላይ የአእምሮ መድከም ተገኝቶባቸዋል። ይህ ቍጥር በ2008 ዓ.ም. የታተመ ነው። ነገር ግን ይህን ቍጥር የትዕግሥት ማጣት ምክንያት አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ቍጥሩን ገልብጦ አንብቦታል። አንደኛ ነገር ያ የሚሆነው በብዙ ዓመት ፍጻሜ ነው፤ ሰዎቹ ግን የሚፈረድባቸው ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ነው። ይልቁንም የደከመው አእምሮ ከዘገየው አእምሮ የሚለየው ጠይቆ በመቈየት ብቻ ነው። ሳይቈይ «አእምሮው ጠፍቷል» ብሎ የጻፈ መርማሪ በሽታውን አላገኘውም፤ በገዛ እጁ ሠራው።

የዝግታውም ምክንያት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የልብ ኀዘንና ትካዜ ከዚህ በሽታ ጋራ ብዙ ጊዜ አብሮ ይኖራል፤ እርሱም ብቻውን አሳብን ያዘገያል፥ ሲታከምም ይቀላል። ሌቮዶፓ የሚወስድ ሰው መድኀኒቱ ሲሠራና ኀይሉ ሲያልቅ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ሰው ሊመስል ይችላል። መንቀጥቀጥን ለማስታገሥ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፈኒዲል የተባለው ክኒን ደግሞ በሽማግሎች ላይ አሳብን የሚያደበዝዝና ማስታወስን የሚቀንስ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ግን በድኻ አገር ብዙ ይታዘዛል። ጠዋት ያደነዘዘውን ክኒን ሰጥቶ ማታ ስለ መደንዘዙ የሚፈርድ ቤት ስንት ነው!

ፈተናዎቹም ራሳቸው ከሰዓት ጋራ የተማማሉ ናቸው። «በዚህ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻሉትን ያህል ይናገሩ» ይባላል፤ «ከቍጥሮቹ በታች ምልክቶቹን ቶሎ ቶሎ ይጻፉ» ይባላል። የሚንቀጠቀጥ እጅ፥ የሚደክም ዐይንና የሚያዘግም አሳብ ሦስቱ አብረው ተለክተው በአንድ ቍጥር ይጠቃለላሉ። ፍጥነትን ለመለካት ከሆነ መልካም ነው፤ ማወቅን ለመለካት ነው ከተባለ ግን የፈረስ እሽቅድምድም አዘጋጅቶ በቅሎዋን መንገድ አታውቅም ብሎ እንደ መንቀፍ ነው።

ፊትን አይቶ መፍረድም የዚሁ እኅት ናት። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በዚህ በሽታ ፊታቸው ደርቆ ቃላቸው ሲጐተት ዓለም ሁሉ ለዓመታት አይቷል። በመጋቢት 27 ቀን 2005 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት በመስኮት ቆመው ሕዝቡን ሊባርኩ ቢሞክሩ ድምፃቸው እንቢ አላቸው፤ ከስድስት ቀን በኋላም ዐረፉ። በነዚያ ዓመታት ከመንበራቸው ይውረዱ አይውረዱ እየተባለ ብዙ ክርክር ተደርጓል። መንበሩን ስለ መልቀቅ መከራከር ለሚመለከታቸው ይሁን። ነገር ግን ከተከራካሪዎቹ ስንቱ ከደረቀው ፊት በቀር ሌላ ማስረጃ ነበረው? የደረቀ ፊት የፊት ጡንቻ ነገር ነው፤ በስተኋላው ስላለው አሳብ የሚመሰክረው ምንም የለም።

በኢትዮጵያ ደግሞ ይህን በደል የሚያከብደው የቈየ ልማድ አለ፤ ይኸውም የፈጣን ምላስ ፍቅር ነው። በጥንቱ ችሎት በላ ልበልሃ ተባብሎ ሲሟገት ዱላውን ወርውሮ ወዲያው የሚመልሰው ይመሰገን ነበር፤ ጥቂት ያሰበ እንደ ተረታ ይቈጠር ነበር። ዛሬም በሸንጎና በማኅበር ቶሎ የመለሰ ዐዋቂ ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ልጁን ያሳደገ አባት፥ በታመመ ጊዜ ያ ልጅ አንድ ቃል እስኪናገር ድረስ አይጠብቀውም። በዚህ ነገር ከሁሉ የተሻለው ሥርዐት ያለው ከቅኔ ቤት ነው። መምህሩ ተማሪው ጥግ ይዞ ቅኔውን ሲቈጥር ሰዓት ይዞ አይቆምበትም፤ ሲበቃው መጥቶ ሲነግረው ይሰማዋል እንጂ። የዘገየው ተማሪ ሰነፍ ነው የተባለበት ጊዜ አለ፤ ዝም ብሏልና ቅኔ የለውም የተባለበት ግን የለም።

ጕዳቱ እስከ ክብርና እስከ ንብረት ይደርሳል። የሚንቀጠቀጡ ሽማግሌ ኑዛዜ ሊናዘዙ ሲሉ፥ የሚቸኵለው ወራሽ ዐሳባቸውን ራሱ ይጨርስላቸውና «እንዲህ ማለታቸው ነው» ይላል፤ ወይም ኑዛዜው ሳይስማማው የቀረው ወራሽ «በዚያን ጊዜ አእምሮ አልነበራቸውም፥ ሲጠየቁ እንኳ አይመልሱም ነበር» ብሎ ይከሳል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሰው ሁሉ ችሎታ እንዳለው አስቀድሞ የሚገምት ነው፤ ችሎታ የለውም የሚል ይህን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። መዘግየት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በግልጥ የሚደረግ ኑዛዜ በምስክሮች ፊት የሚነበበውም የተናዛዡ ቃል በርግጥ የርሱ መሆኑ እንዲታወቅ ነው፤ ተናዛዡ ሰምቶ «አዎን» ወይም «አይደለም» እስኪል የማይቈዩ ምስክሮች ቢቀመጡ ቍጥር ለመሙላት ብቻ ነው። የንስሐ አባትም ቢሆኑ፥ ታማሚው ዝም ሲሉ ቤተ ሰቡ «አይናገሩም፥ እንዲያው ይፍቷቸው» ባሉ ጊዜ ነገሩን መርምረው ቤተ ሰቡን ከክፍሉ ማስወጣትና ወንበር ስበው መቀመጥ ይገባቸዋል። ኀጢአቱን በልቡ ሰብስቦ ወደ ከንፈሩ ሊያወጣ የሚታገል ሰው በችኰላ ቢፈታ፥ ያልተናገረውን ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል።

የሚያስፈልገው ጥበብ ጥቂት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ዝም ማለት ነው። መልሱ ሲዘገይ ጥያቄውን በሌላ ቃል መለዋወጥ አይገባም፤ ምክንያቱም ግማሽ መንገድ የደረሰው አሳብ አዲሱን ጥያቄ ሲሰማ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሣል። ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ መደራረብ ደግሞ በመግቢያው እንደ ታዩት ሽማግሌ «ማክሰኞ» ያሰኛል። ቃሉ ጨርሶ እንቢ ቢል «ማክሰኞ ነው ወይስ ረቡዕ?» ብሎ ምርጫ ማቅረብ ይረዳል። መድኀኒቱ የሚሠራበትን ሰዓት ከቤተ ሰቡ ጠይቆ ከባዱን ጕዳይ በዚያ ሰዓት ማድረግ ነው። ልጅም ስለ አባቱ ከመመለስ ምላሱን ይያዝ። «ይህማ ማንም የሚያውቀው ነው» የሚል ካለ፥ የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የሚያደርገው ግን በየሐኪም ቤቱ ደጅ ተሰልፎ ቢፈለግ ጥቂት ነው።

የሐኪሞቹ ምክንያት ይቀራል። «ደጁ ሞልቷል፤ ለአንዱ ይህን ያህል ከቈየን ሌላው ሳይታይ ይመሻል» ይላሉ። የሞላ ደጅ መኖሩን የሚክድ የለም። ነገር ግን ነገሩ ተቈጥሮ ይታይ። አምስት ጥያቄ ቢጠየቅ፥ በየጥያቄው ግማሽ ደቂቃ ቢታገሡ፥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው።